ያወቀ ሁሉ ያሳውቅ

ባሏ «ነጠላ ሰረዝ» እያለ ይጠራታል። እናቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ሙያዋ ያመጣባት ነው። በፍትሕ ሚኒስቴር ሕግ አርቃቂ ናት፤ ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ግማሽ ቀን ስትከራከር ትውላለች። «እዚህ ከገባች ሰውየው ይታሰራል፣ እዚያ ከገባች ቤቱ ይገባል፤ ቀልድ መሰላችሁ?» ትላለች። ባሏ ግን ይቀልድባታል። እሱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ አስተማሪ ነው፤ በዓለም ላይ የማይቀለድበት ነገር አለ ብሎ አያምንም።

አንድ ጊዜ ብቻ ቀልድ ጠፍቶበት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለትምህርት ቤቱ የጊታር ክር ሊገዛ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ መናኸሪያ ተሰልፎ ሳለ፣ ትኬት ከሚቆረጥበት መስኮት ሥር የተቀመጠ ሻንጣ ፈነዳ። ከሰልፉ ፊት የነበሩት አልተረፉም። እሱ ተረፈ፤ ግራ ጆሮው ግን በዚያው ተዘግቶ ቀረ። የሙዚቃ ሰው ጆሮውን ሲያጣ ምን ይባላል? ወር ሙሉ ከቤት አልወጣም። አንድ ቀን ሚስቱ ሻይ ይዛለት መጥታ በግራው በኩል ስታወራው ስታወራው ቆየችና፣ መልስ ስታጣ ቆማ ማልቀስ ጀመረች። ዞር ብሎ አያትና «ምነው? ደግሞ ምን አጥፍቼ ነው?» አላት። ነገሩ ሲገባቸው ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እሷ በጠረጴዛም፣ በመንገድም፣ በአልጋም ቀኙን ያዘች። እሱ ደግሞ ሲያኮርፍ ግራውን ማዞር ለመደ። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ለሌላው ሰው አባባል ነው፤ ለእሱ ግን አንገት ማዞር ብቻ ነበር።

የእሷ እናት አብረዋቸው ይኖራሉ። ሰፈሩ «እማማ ራዲዮ» ይላቸዋል፤ ሳይከፍቷቸው ይናገራሉ፣ ቢዘጓቸውም አያቆሙም። የልጃቸውን ባል ከልጃቸው አስበልጠው ይወዱታል። «እሷ በሁለት ጆሮዋ ግማሹን ትሰማኛለች፤ እሱ በአንዱ ሙሉውን» ይላሉ።

ከመናኸሪያው አደጋ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሌላ ከተማ ቦምብ በፈነዳ በወሩ የፀረ ሽብር ሕግ ወጥቶ ነበር። በድንጋጤ የተጻፈ ሕግ ነበር። የደነገጠ ሰው ደግሞ በሩን ብቻ ዘግቶ አይበቃውም፤ መስኮቱንም፣ የአየር ማስገቢያውንም ይደፍናል። «ሽብር» የሚለው ቃል እየሰፋ ሄዶ ሰልፍ የወጣውንም፣ ግድግዳ ላይ መፈክር የጻፈውንም፣ ለማያውቀው ሰው ክፍል ያከራየውንም ዋጠ። እስር ቤቱ ሞላ፤ ፍርሃቱ ግን አልጎደለም። ከብዙ አቤቱታ በኋላ መንግሥት ሕጉ ይሻሻል ብሎ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ ዳኛ» ይላቸዋል። ነጠላ ሰረዝም ከአርቃቂዎቹ አንዷ ሆነች።

ሥራ ሲከፋፈል ለእሷ የደረሳት ሁሉም የሸሸው አንቀጽ ነበር። በሕጉ ላይ ቁጥር አለው፤ ኮሚቴው ውስጥ ግን «ያወቀ ሁሉ ያሳውቅ» ነው የሚባለው። የሽብር ድርጊት ሊፈጸም መሆኑን እያወቀ ለፖሊስ ያላሳወቀ ማንኛውም ሰው እስከ አስር ዓመት ይታሰራል ይላል። ማንኛውም ሰው ሲል እናትም፣ ሚስትም፣ ወንድምም ማለቱ ነው።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ እናቷን ጠየቀቻቸው። «እማዬ፣ እኔ ክፉ ነገር ላደርግ መሆኑን ብታውቂ ለፖሊስ ትናገሪ ነበር?»

እማማ ራዲዮ ዳቧቸውን አስቀመጡ። «አንቺን? ልጅ ሆነሽ ስኳር ስትሰርቂ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬ አልነበር?»

«የምሬን እኮ ነው።»

«የምርሽን ከሆነ…» አሉና፣ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ያልታየ ነገር፣ ዝም አሉ። «የምርሽን ከሆነ በሩን ቆልፌ ቁልፉን እውጠው ነበር። ግን ልጄን በእጄ? ምኑን ችዬው!»

ያን ዕለት ቢሮዋ ገብታ ረቂቁን በአንድ ቁጭታ ጨረሰችው። ወላጅ፣ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ወንድምና እህት ባለማሳወቃቸው አይጠየቁም። አጭርና ንጹሕ ነበር። ደጋግማ አነበበችውና በልቧ ኮራች።

ረቂቁ ለኮሚቴው ሲቀርብ ፖሊስን የወከለው ኮማንደር እጁን አወጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የመናኸሪያው ዕለት ቁስለኛ በትከሻው ተሸክሞ ሲያወጣ የዋለ ነው። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «እህቴ፣» አለ፣ «የመናኸሪያውን ሻንጣ ያስቀመጠው ልጅ እናቱ ታውቅ ነበር። ፍርድ ቤት አረጋግጦ ፈርዶባታል። ያን ቀን ጠዋት መጥታ ብትነግረን ኖሮ ስንት ሰው ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር። የባልሽም ጆሮ ጤነኛ ነበር። አንቺ ይህን የምትጽፊው ለዚያች ሴት ነው።»

ነጠላ ሰረዝ ፊቷ እንደ እሳት ጋለ። አንቀጹን ስታረቅ ስለ እናቷ እንጂ ስለዚያች እናት አንድም ጊዜ አላሰበችም። ጋሼ ዳኛ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ይህን ነገር እዚህ በር ዘግተን አንጨርሰውም። የሕዝብ መድረክ እንጥራ። የተጎዳውንም፣ የታሰረውንም እንስማ» አሉ።

ቤት ስትደርስ ለባሏ ልትነግረው ፈልጋ ነበር። እሱ ግን ተማሪዎቹ ርእሰ መምህሩ ፊት መዝሙር እንዴት እንዳበላሹ በየድምፁ እየመሰለ ያሳያታል፤ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ሌላ ነገ ወለደ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ከሁለት አንድ ለቀረውማ ይብሳል። ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ ጮኸ፤ ያነሣው ባልየው ነበር። ጋሼ ዳኛ ናቸው። «ልጄ፣ ሚስትህ ነግራህ ይሆናል። ለዚያ መድረክ ከተጎዱት አንዱ ሆነህ ብትናገርልን ብዬ ነው።»

«አልነገረችኝም፤ እርስዎ ይንገሩኝ» አላቸው። ነገሩት። ሲያዳምጥ ዓይኑ ከሚስቱ ላይ አልተነሣም። ስልኩን ዘግቶ ቁጭ አለ።

«እንግዲህ የቤቴን ወሬ ከጋሼ ዳኛ መስማት ጀመርኩ» አላት።

«ልነግርህ ነበር።»

«መቼ? ሕጉ በጋዜጣ ሲወጣ?»

«ትናደዳለህ ብዬ ፈራሁ።»

«ስለ አንቀጹማ እናደዳለሁ! ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ልጅ አዝላ ነበር እኮ። አረፍ በይ፣ ተራሽን እኔ ልጠብቅልሽ ብያት እምቢ ብላኝ ነው እዚያው የቀረችው። እናንተ ተሰብስባችሁ ዝም ያለ ሰው አይጠየቅም ስትሉ ለእሷ ምን ትሏታላችሁ?» ከተቀመጠበት ተነሣ። «የኔን ጆሮ ተዪው፣ እሱ ለቀልድ ይጠቅመኛል። ያናደደኝ ሌላ ነው። አንቺ እያወቅሽ አላሳወቅሽኝም።»

እማማ ራዲዮ ከወጥ ቤት ሆነው «እኔ አንዲት ቃል አልሰማሁም!» ብለው ጮኹ። ማንም አልሳቀም።

ባልየው ግራ ጆሮውን አዞረ፤ እስከ መድረኩ ቀንም አልመለሰውም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእማማ ራዲዮ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ እሳቸውም ብቻቸውን ማውራት ሰለቻቸውና «ኧረ ታረቁልኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ» እያሉ ለመኑ። ሆኖም ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ዳቦና ብርቱካን መክተቱን አልተወም። ቢሮ ደርሳ ቦርሳዋን ስትከፍት ታገኘዋለች። ብርቱካኑን እየላጠች «ተመስገን፣ እስካሁን ሚስቱ ነኝ» ትል ነበር።

በመድረኩ ቀን አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ኮሚቴው ከፊት በረጅም ጠረጴዛ ተሰለፈ። ባልየው ተራው ሲደርስ ስለ ሰልፉ፣ ልጅ ስላዘለችው ሴት ተናገረ። ቀልድ አልጨመረበትም። «እኔ ዝም ያለ ሁሉ ይታሰር አልልም። ዝም ያለ ሁሉ ነፃ ነው ስትሉኝ ግን ይህ እጄ ለማጨብጨብ አይነሣም» ብሎ ተቀመጠ። ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ጻፈች፤ ምን እንደምትጽፍ ግን ራሷም አላወቀችውም።

ቀጥለው ወደ ስልሳ ዓመት የሚጠጉ ቀጭን ሴት ተነሡ። ልብስ ሰፊ ናቸው። የሻንጣው ልጅ እናት መሆናቸውን ሲናገሩ አዳራሹ አጉረመረመ፤ ከኋላ አንድ ሰውዬ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ጉርምርምታው እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ታውቂ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አውቅ ነበር» አሉ። «ፈንጂ አላየሁም፤ የት እንደሚሄድም አልነገረኝም። ግን እናት የልጇን ፊት ታነባለች። ከነዚያ ሰዎች ጋር ከገጠመ ጀምሮ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆኖብኝ ነበር። ያን ቀን ጠዋት መጥቶ አቀፈኝ። ካደገ ወዲህ አቅፎኝ አያውቅም። ያኔ ነው ሆዴ የፈራው። ፊቱን እስኪታጠብ ጫማውን ሁሉ ሰብስቤ ከስፌት መኪናዬ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል ደበቅኩት። ያለ ጫማ የት ይሄዳል ብዬ ነበር። በነጠላ ጫማ ወጣ።»

ልብስ ሰፊዋ መሀረባቸውን አውጥተው ጨበጡ።

«ተከትዬው ወጣሁ፤ ጠፋኝ። ፖሊስ ጣቢያው በር ድረስ ሄድኩ፣ ገብቼ ልናገር። እዚያ ቆሜ የጎረቤቴ ልጅ ትዝ አለኝ። መፈክር ጻፍክ ብለው ወስደውት ሲመለስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብርጭቆ አይዝም። ያ መፈክር ነው የጻፈ፤ የኔውንስ ምን ያደርጉታል ብዬ ተመለስኩ። ራሴ ፈልጌ፣ ጎትቼ ቤት አስገባዋለሁ አልኩ። ከሰፈር ሰፈር ስሮጥ ፍንዳታውን ሰማሁት።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ጫማ መደበቄን ለዳኞቹ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ለልጄ የሚጠቅመው መስሎኝ ነበር። እንግዲያው ታውቂ ነበር ብለው ፈረዱብኝ። ታስሬ ወጣሁ። እሱ ዕድሜ ልኩን ተፈርዶበታል፤ ይገባዋል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔ ግን ወልጄዋለሁ፣ ምን ላድርገው? እናንተን ይቅር በሉኝ ለማለት አፍ የለኝም።»

ባልየው ሳያስበው ብድግ አለ። እንዳይጮህባቸው አዳራሹ ሁሉ ፈራ፤ ሚስቱም ፈራች። እሱ ግን ቀኝ ጆሮውን ወደ እሳቸው አዘንብሎ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «በሩ ላይ ቆመው ሳሉ፣ ልጅሽን ማንም አይነካውም፣ ቶሎ ዳኛ ፊት ይቀርባል፣ አንቺም ገብተሽ ታዪዋለሽ የሚልዎት ሰው ቢኖር፣ ቃሉንም የሚጠብቅ መሆኑን ቢያውቁ፣ ይገቡ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ መልሱን መፈለግ አላስፈለጋቸውም፤ አፋቸው ላይ ነበር። «እየሮጥኩ ነዋ ልጄ! እየሮጥኩ!»

ፊታቸውን በመሀረባቸው ሸፍነው ተቀመጡ።

መድረኩ ሲያበቃ ባልና ሚስት በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«ረቂቅሽ ጥሩ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ኮማንደሩም ልክ አይደለም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«እኔስ?»

«አንተማ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ሆድህ ውስጥ ይዘህ አንድ ሳምንት አኩርፈኸኝ ከረምክ። እያወቅህ አላሳወቅህም።»

ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ ጊዜ ሊቆጣ፣ አንድ ጊዜ ሊስቅ ፈለገና ሳቁ አሸነፈው። «ጥያቄው የመጣልኝ እዚያው ነው፤ እውነቴን ነው» አላት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ክንዱን ያዘችው። «ልደብቅህ ብዬ አይደለም። ያን ቀን ስትስቅ አየሁህና፣ ሳቅህን መንካት አሳሳኝ።» ብርቱካን ሻጭ ጋ ሲደርሱ «ለነገ ስንት ይበቃሻል?» ብሎ ጠየቃት።

እሑድን ወጥ ቤት ውስጥ አሳለፉት። እማማ ራዲዮ ካሮት ይልጣሉ፣ ባልየው ሻይ ይቀዳል፣ እሷ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች። ለድርጊቱ ገንዘብ የሰጠ ወይም መሣሪያ የደበቀ ዝምድና አያድነውም፤ እዚህ ላይ አልተከራከሩም። ክርክሩ የዝም ባዩ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ዝም አሉ ወይስ አላሉም? አልተናገሩም፤ ዝምም አላሉም፤ ሕጉ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሰው ስም የለውም። ስለዚህ ድርጊቱን ከልቡ ለማስቀረት የጣረ የቅርብ ዘመድ አይቀጣም ብላ ጻፈች። ከዚያ የባሏን ጥያቄ ወደ ሕግ ቋንቋ መለሰችው፤ ዘመድ ለፖሊስ ወይም ለዳኛ ሲያሳውቅ የተያዘው ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ያለበትን ቦታ ቤተሰቡ ያውቃል፣ ገብቶም ያየዋል፤ በድብደባ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም፤ የደበደበውም ይከሰሳል።

«የቅርብ ዘመድ እስከ ስንተኛው ነው?» አሉ እማማ ራዲዮ። «ለእኔ ሰፈሩ በሙሉ ዘመዴ ነው።»

«ለእርስዎ የተለየ አንቀጽ ያስፈልጋል» አላቸው ባልየው። «አላሳወቁም ብሎ የሚከስዎት አይገኝም፤ የሚከሱት ባሳወቁት ነው።»

ካሮት ወረወሩበት።

ኮሚቴው ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበበው። ሁሉም ኮማንደሩን ጠበቀ። «ይህ አንቀጽ በሥሬ ያሉትን ፖሊሶች ይጠረጥራል፤ ይመረኛል» አለ። «ግን ሴትዮዋ በራችን ላይ ቆማ ተመልሳለች። ሊነግረን የመጣ ሰው ከእኛ ፈርቶ የሚመለስ ከሆነ ጥበቃችን ምኑ ላይ ነው?» ለገጠር ጣቢያዎች የመንገድ ጊዜ ይታሰብ ብሎ ጠየቀ፤ ተሰጠው። የአንዲት ሰረዝ ቦታ ላይ ግን ከነጠላ ሰረዝ ጋር እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ኮማንደሩ «ውሰጃት፣ ሰረዟን ውሰጃት!» ብሎ እጁን ሰጠ።

ምክር ቤቱ ሕጉን እንዳለ አላጸደቀውም። ወንድምና እህት ከቅርብ ዘመድ ወጡ፤ ነጠላ ሰረዝ ለእነሱ አለቀሰች። የቀረው ግን ጸደቀ። «ሽብር» የሚለው ቃልም ጠበበ፤ መፈክር የጻፉትና ክፍል ያከራዩት ተፈቱ። አንዳንዶቹ ሲወጡ የሚቀበላቸው ቤተሰብ ነበራቸው፣ አንዳንዶቹ አልነበራቸውም።

ባልየውና ልብስ ሰፊዋ ዘመድ አልሆኑም። ይቅርታ ጠይቀውት ይቅርታ አድርጎላቸው አልተቃቀፉም። አንድ ቀን ግን ለትምህርት ቤቱ መዘምራን አዲስ የደንብ ልብስ ሲያስፈልግ ሄዶ «እትዬ፣ አርባ ያህል ሸሚዝ ይችላሉ?» አላቸው። ደንበኞቻቸው ሁሉ ሸሽተዋቸው ስለ ነበር በሩን በሰፊው ከፍተው «እችላለሁ ልጄ» አሉት። ከወላጆች ያጉረመረሙ አልጠፉም፤ አንዲት እናት ልጄን እሷ አትለካትም ብላ ርእሰ መምህሩ ድረስ ሄደች። አስተማሪው አልተጨቃጨቀም፤ የዚያችን ልጅ ልኬት ሚስቱ ወስዳ ሰጠች። ሸሚዞቹ ሲመጡ ያችው እናት ስፌቱን አገላብጣ አየችና «እጇስ ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ በላይ አልጨመረችም።

መዘምራኑ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲዘምሩ ነጠላ ሰረዝና እናቷ ከፊት ተቀመጡ። እማማ ራዲዮ የማያውቁትን መዝሙር ከመዘምራኑ ቀድመው ይዘምሩ ነበር። ልብስ ሰፊዋ በመጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሸሚዞቹን ይመለከታሉ። መዝሙሩ ገና ሳያልቅ ሰዓታቸውን አይተው ቀስ ብለው ተነሡ፤ የእስረኛ መጠየቂያ ሰዓት ሊያልፍባቸው ነበር። አስተማሪው እጁ በአየር ላይ እንዳለ አያቸው። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣቸውና ልጆቹን ወደ ቀጣዩ ስንኝ መራ።